ካርዱን ላስመዝነው ወይስ ልተወው?

የዛሬው ጨዋታዬ ከሆሳዕና መናኸሪያ ነው። ለዘመድ ጉዳይ ወርጄ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ስል፣ መኪናው እስኪሞላ በሩ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ አልኩ። መናኸሪያን ታውቁታላችሁ። ረዳቱ «ዱራሜ! ዱራሜ! የቀረው ሁለት ሰው!» ይላል። ሁለት ሰው ይገባል። አሁንም «የቀረው ሁለት ሰው!» ይላል። እዚያ ግቢ ውስጥ የሰው አፍና ትክክለኛው ሂሳብ ተገናኝተው አያውቁም። እኔ ደግሞ የተቀመጥኩት ስለ ሂሳብ ላወራ ነበርና ቦታው ገጠመልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ለዚህ አምድ አንድ ጥያቄ ደርሶኝ ነበር። «የተጫዋች ካርድ አለኝ። አሜሪካ ልኬ ደረጃ ላሰጠው ወይስ ዝም ብዬ ልሽጠው? የዕቁብ ብሬ ሊደርሰኝ ስለሆነ ቶሎ መልስልኝ» ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ አልገባኝም። ካርድ ሲባል እኔ የማውቀው የሞባይል ካርድ፣ የሐኪም ቤት ካርድና ዳኛ ከኪሱ የሚመዘውን ቢጫና ቀይ ብቻ ነው። ግን «የዕቁብ ብሬ» የምትለዋ ነገር አላስተኛ አለችኝ። ጠያቂው የሆሳዕና ልጅ ሆኖ አገኘሁትና «እግረ መንገዴን ላግኝህ፤ ካርዶቹን ይዘህ ና» ብዬ ቀጠርኩት። እስከዚያው ስለ ጉዳዩ ሳነብና ስጠይቅ ሰነበትኩ።

ልጁ መጣ። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፤ የሰው ባጃጅ ይነዳል። «ጋሼ፣ አንተ ነህ?» አለኝ። ገና ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው! ግን ሊመክር የመጣ ሰው ጋሼ ሲሉት ተቀብሎ ዝም ነው። ከትምህርት ቤት ቦርሳው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ አልበም አወጣና፣ ሻዩ እንዳይፈስበት ብርጭቆዎቹን ገፋ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የተኛ ሕፃን የሚያስቀምጥ ነው የሚመስለው።

አልበሙ የታላቅ ወንድሙ ነው። ወንድሙ በ2001 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ሄደ። መቼም ሀዲያና ከምባታ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ዘመድ የሌለው ሰው ፈልጉ ብትባሉ ትደክማላችሁ። እንደ ብዙዎቹ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ገባ። ከድሆች ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ዳቦና ዘይት ሸጠ፤ ለቤተሰቡም ላከ። አምና ሱቁ ተዘረፈና በአንዲት ሻንጣ አገሩ ገባ። ከሻንጣው ከወጡት ነገሮች አንዱ ይሄ አልበም ነው። ወንድሙ አሁን ከቤት ብዙም አይወጣም። መናኸሪያው አካባቢ ጫማ መሸጥ ያምረዋል፤ መነሻ ግን የለውም።

ካርዶቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫን ያዘጋጀች ጊዜ የተሸጡ የፓኒኒ ካርዶች ናቸው። ፓኒኒ የጣሊያን ኩባንያ ነው፤ ከ1970ው የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ጀምሮ የውድድሩን አልበም ሲያሳትም ኖሯል። ልጆች ውስጡ ማን እንዳለ ሳያውቁ የታሸገውን ፓኬት ይገዛሉ፤ ሜሲ የወጣለት ይጨፍራል፤ ያልወጣለት ነገ ይገዛል።

ታዲያላችሁ፣ የእኛ ልጅ ቲክቶክ ላይ አንድ የኳስ ተጫዋች ካርድ በሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ሲሉ ሰማ። ውሸት እንዳይመስላችሁ! የፔሌ የ1958 ካርድ እ.ኤ.አ. በ2022 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ከዚያ አዲስ አበባ ያለ አንድ «አስላኪ» ተገኘ። ሰውየው ካርዱን አሜሪካ ልኮ ደረጃ ሊያሰጥለት፣ ለአንድ ካርድ 9 ሺህ ብር ጠየቀው። ልጁ ሦስት ካርድ መርጧል፤ 27 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ዕቁቡ ደግሞ 30 ሺህ ብር ነው።

«የቀረው ሦስት ሺህስ?» አልኩት።

«ለአዲስ አበባ መመላለሻ» አለኝ። «ጋሼ፣ ከተሳካ ወንድሜ ጫማ ሳይሆን ሱቅ ነው የሚከፍተው!»

ምን ትሉታላችሁ? ልጁ ቁማርተኛ አይደለም። ወንድሙን ከቤት ሊያስወጣ የሚሯሯጥ ልጅ ነው። «ተው፣ አትሞኝ» ብዬ ባሰናብተው ከእኔ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሰውየው ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከሥሩ ጀመርን።

ደረጃ ማሰጠት ማለት ምንድነው? አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ። በጣም የታወቀው ፒኤስኤ የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው የተጀመረው። ቤኬትና ኤስጂሲ የሚባሉም አሉ። ካርዱን ትልካለህ፣ ትከፍላለህ። እነሱ መጀመሪያ እውነተኛ ነው ወይስ ተመሳስሎ የተሠራ የሚለውን ያያሉ። ቀጥለው አራት ነገር ይመረምራሉ፦ ስዕሉ መሃል ላይ ነው ወይስ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ አራቱ ማዕዘኖች፣ ጠርዞቹ፣ ገጹ። ከዚያ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጥተው፣ ካርዱን በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው፣ ቁጥር ለጥፈው ይመልሱልሃል። በቃ፣ ይኸው ነው። ነጥቡ ብቻውን ገዢ አያመጣልህም። የተማሪ ውጤት እንደሚሞላ አስተማሪ ቁጥር ሰጥተው ያሰናብቱሃል።

«ግን 10 ካገኘ ውድ ይሆናል አይደል?» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ የአሜሪካ ታሪክ ነገርኩት፤ ለእናንተም ልንገራችሁ። ሆነስ ዋግነር የሚባል የድሮ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር። የእሱ ካርድ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ፓኬት ጋር ይወጣ ከነበረው ስብስብ አንዱ ሲሆን፣ ዛሬ የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው። ከተረፉት አንዱን በ1991 የሆኪው ኮከብ ዌይን ግሬትስኪ ከአንድ ሸሪኩ ጋር በ451 ሺህ ዶላር ገዛው። ፒኤስኤ ሥራ ሲጀምር ደረጃ የሰጠው የመጀመሪያው ካርድም ይኸው ነበር፤ 8 ሰጠው። በ2007 ካርዱ 2.8 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በ2013 ታዲያ ጉዱ ወጣ! ካርዱን ቀድሞ የሸጠው ቢል ማስትሮ የተባለ ነጋዴ በሌላ ማጭበርበር ተከስሶ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ የካርዱን ጠርዝ እሱ ራሱ ቆርጦ እንዳሳመረው አመነ። እናላችሁ፣ ከሁሉ ቀድሞ ነጥብ የተሰጠው ካርድ በምላጭ የተላጨ ኖሯል።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ይበልጣል። በ2022 ሌላ የዋግነር ካርድ 7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ነጥቡ ስንት ነበር? 2! አዎ፣ ከ10 ሁለት። ትምህርት ቤት ብትሆኑ ወላጅ የሚያስጠራ ውጤት ነው። ዋጋውን ያመጣው ነጥቡ እንዳልሆነ አያችሁ? ካርዱ ስለሌለ ነው። ብዙ ሰው የሚፈልገው፣ ጥቂት ብቻ የተረፈ ነገር ተሰባብሮም ይወደዳል። የሞላ ነገር ደግሞ 10 ቢያገኝም ያው የሞላ ነገር ነው።

«ግን የእኔ የቆየ ነው፤ ከ2010 ነው» አለ ልጁ።

መቆየትማ አያቶቻችንን ጠይቁ! ማርትሬዛን ወይም ጠገራ ብርን ያላየ ካለ ከሴት አያቱ ሳጥን ይፈልግ። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ግን 1780 ይላል። በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ሲመታ ኖሯል፤ ቪየና እስከ ዛሬ ትመታዋለች። ስለዚህ «1780 የሚል ብር አለኝ» ብሎ ሀብታም የሆነ የለም፤ በብሩ ክብደት ልክ ያወጣል፣ አለቀ። የድሮ ነጋዴዎቻችን ደግሞ ማንም ኩባንያ ሳያስፈልጋቸው ራሳቸው ይመረምሩት ነበር። በንግሥቲቱ ራስና ደረት ላይ ያሉትን የጌጥ ነጠብጣቦች ይቆጥራሉ፣ ጠርዙን በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ያዳምጣሉ። አላማራቸውም? ይመልሱታል። ለምርመራው አንዲት ሳንቲም አይከፍሉም።

እኛም እንደነሱ እናድርግ ተባባልንና የስልኩን መብራት አብርተን ካርዶቹን ማየት ጀመርን። ከሦስቱ የተሻለው የሜሲው ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያበራል። መብራቱን ወደ ጎን አድርገን ስናዘነብለው ግን ገጹ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ታዩ። ሁለቱ ማዕዘኖች ቀለማቸው ተልጦ ነጭ ሆነዋል። የግራው ነጭ ክፈፍ ከቀኙ ይሰፋል። ገለበጥነው። ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈች «2» የምትል ቁጥር አለች። ሌሎቹን ገለበጥን፤ አንዱ ላይ «1»፣ ሌላው ላይ «3» ተጽፏል።

«ይህቺን በላጲስ ላጥፋት?» አለኝ።

«እንዳትነካት!» አልኩት። እናንተም ልብ በሉ። ካርድ መፋቅ፣ ማጠብ፣ ጠርዙን መከርከም፣ የታጠፈውን በካውያ መተኮስ የለም። መርማሪዎቹ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው፤ ካገኙ ነጥብ ሊከለክሉ ይችላሉ። ለማሳመር የተደከመበት ካርድ እንዳልተነካ ሳይሆን እንደተበላሸ ነው የሚታየው።

ቀጥለን ወደ ዋጋው ሄድን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ሻጭ የጠየቀውን ዋጋ የተሸጠበት ዋጋ ያደርገዋል። መርካቶም ሆነ አሜሪካ፣ «መቶ ሺህ» ብሎ መጥራት ምላስ ብቻ ነው የሚፈልገው። መታየት ያለበት ገዢ ከፍሎ የወሰደበት ነው፤ ኢቤይን የመሳሰሉ መሸጫዎች የተሸጡትን ለይተው ያሳያሉ። ፈለግን። የእሱን የሚመስሉ፣ ነጥብ ያልተሰጣቸው ካርዶች የተሸጡት በጥቂት ዶላር ነው። ልጁ ዝም አለ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

እስክሪብቶ አወጣሁና በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ሂሳብ ሠራን። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ አሠራሩን ግን ያዙት። አንድ ካርድ ነጥብ ሳይሰጠው 8 ዶላር ያወጣል እንበል። 9 ነጥብ ሲያገኝ 25፣ 10 ሲያገኝ 90 ዶላር ይሁን። ወጪውስ? ኩባንያው ለአንድ ካርድ የሚጠይቀውን 25 ዶላር እንበለው። በኢንሹራንስ መላኪያና መመለሻውን 30 እንበል። ድምሩ 55 ዶላር ነው። ሲሸጥ መሸጫው ደግሞ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፤ ከመቶ አሥር ብንል እንኳ።

አሁን ተመልከቱ። ካርዱ 10 አገኘና 90 ዶላር ተሸጠ። 9 ኮሚሽን፣ 55 ወጪ ሲነሣ 26 ዶላር ይተርፋል። ጥሩ! 9 አገኘና 25 ዶላር ተሸጠ። ኮሚሽንና ወጪ ሲነሣ ከ32 ዶላር በላይ ከኪስህ ጨመርክ ማለት ነው። አራት ካርድ ልከህ አንዱ 10፣ ሦስቱ 9 ቢያገኙ በድምሩ ከ70 ዶላር በላይ ከሰርክ። 9 እኮ ከ10 ዘጠኝ ነው! ትምህርት ቤት ያሸልማል፤ እዚህ ያከስራል። ማዕዘኑ ነጭ የሆነ ካርድ ደግሞ 10ም 9ም አያገኝም።

ይህ እንግዲህ ደላላው ሳይነካው ነው። በዚያ ላይ ክፍያው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላር ብራችንን ምን እንዳደረገው እኔ አልነግራችሁም።

«ሰውየው ደረሰኝ ይሰጥሃል?» አልኩት። አይሰጥም። «የምትልክበትን የኩባንያ ስም ነግሮሃል?» አልነገረውም። «ካርዶቹን አገላብጦ አይቷቸዋል?» በፎቶ፣ ከፊት ብቻ! ወዳጆቼ፣ የካርዱን ጀርባ ሳያይ 27 ሺህ ብር የሚጠይቅ ሰው ያየው ካርዱን ሳይሆን ዕቁቡን ነው።

በልጁ አልፈረድኩበትም። እኔም እኮ እንዲሁ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ባልመጣልኝ ጊዜ፣ ስድስት ወር ያጠራቀምኩትን ብር ለአንድ ማሠልጠኛ ከፍዬ በሦስት ሳምንት የኮምፒዩተር ሰርተፊኬት ያዝኩ። ማኅተሙ ብቻ የእጄን መዳፍ ያክላል! በመስታወት አስገጥሜ ሳሎን ሰቀልኩት። ሥራ ልቀጠር ስሄድ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩና «እስቲ ይህቺን ደብዳቤ ጻፍ» አሉኝ። በሁለት ጣቴ ግማሽ ገጽ ሳልሞላ የምሳ ሰዓት ደረሰ። ማኅተሙ በውስጤ ያልነበረውን ሊጨምርልኝ አልቻለም። ይህን ስነግረው ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ታዲያ ደረጃ ማሰጠት ሁልጊዜ ከንቱ ነው? አይደለም። የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። አንደኛ፣ ካርዱ ተመሳስሎ የሚሠራ ውድ ካርድ ከሆነና ገዢው እውነተኛነቱን ሳያረጋግጥ የማይገዛ ከሆነ። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ በእጁ የፈረመበት ከሆነ፤ ፊርማ ያለ ማረጋገጫ ጭረት ነው። ሦስተኛ፣ 10 ሳይሆን 8 ቢያገኝ እንኳ ወጪውን ከፍሎ የሚተርፍ ከሆነ። በተስፋህ ሳይሆን በስጋትህ አስላው ማለቴ ነው። ከሦስቱ አንዱም ከሌለ በቀጭን ፕላስቲክ አልብሰህ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ማስቀመጥ ይበቃል። ነጥብ ተሰጥቶት የታሸገ ካርድ ልትገዛ ከሆነ ደግሞ በፕላስቲኩ ላይ ያለውን ቁጥር በራሱ በኩባንያው መዝገብ አመሳክር፤ ማሸጊያውንም የሚያስመስሉ አሉ።

ረዳቱ «አዲሳባ! የቀረው ሁለት ሰው!» ሲል ተነሣሁ። ለልጁ አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኩት። «ብሩን ለማንም ከመስጠትህ በፊት እነዚያ ቁጥሮች ምን እንደሆኑ ወንድምህን ጠይቀው» አልኩት። አልጠየቀውም ነበር። ሊያስደንቀው ፈልጎ ነገሩን ደብቆታል።

ከአራት ቀን በኋላ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ቁጥሮቹ ዳቦ ናቸው» አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሳንቲም ሲያጡ ካርዳቸውን መያዣ ሰጥተው ዳቦ ይወስዱ ነበር። ወንድሙ በካርዱ ጀርባ የዳቦውን ቁጥር ይጽፋል፤ ልጁ ሲከፍል ቁጥሩን አጥፍቶ ካርዱን ይመልሳል። አልበሙ ውስጥ የቀሩት ያልተመለሰላቸው ናቸው። ሜሲ በሁለት ዳቦ ተይዞ ቀርቷል ማለት ነው። ዝርፊያው ሲመጣ ወንድሙ ከባንኮኒው ስር ይህን ይዞ የወጣው፣ «የሰው ንብረት ነው» ብሎ ነው። ያን ማታ እየገለጠ የትኛው ካርድ የየትኛው ልጅ እንደነበረ ሲነግረው አመሹ። ከመጣ ወዲህ ያን ያህል ሲያወራ ሰምቶት እንደማያውቅ ነገረኝ።

«ሊሸጠው ይፈልጋል?» አልኩት።

«አይሸጥም አለ። ልጆቹ አሁን ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል ስለው፣ ቢሆንም አለኝ።»

ከዕቁቡ 20 ሺው ለጫማ ወጣ። ወንድሙ ከመናኸሪያው በር አካባቢ ሸራ ዘርግቷል። ያዋጣው አያዋጣው ገና አይታወቅም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ዝናብ ነበር። አስላኪው አሁንም ይደውላል አሉ፤ ዋጋውን ወደ 6 ሺህ አውርዶታል።

እናንተም ቤት የቆየ ካርድ፣ ሳንቲም ወይም ቴምብር ካላችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን ጠይቁ። እንዲህ ያለ ስንት አለ? የተሸጠው በስንት ነው? በትንሹ ነጥብ ወጪውን ይችላል? ገንዘቡስ ዛሬ ሌላ ሥራ የለውም? የመጨረሻዋን ጥያቄ ግን ከሁሉ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዕቃው የማን ነው? ያስቀመጠው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሻይ አፍሉና አጠገቡ ቁጭ በሉ።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!